የመኖሪያ ቦታ ምርጫና ተጨባጭ ሁኔታው

እንደሚታወቀው ሰው መኖሪያውን የሚመርጠው በምኞቱ ብቻ አይደለም። ምኞቱን የሚፈቅዱለት ወይም የሚነፍጉት ቁሳዊ ሁኔታዎች አሉ። ይህ እውነት ጎልቶ ከሚታይባቸው መስኮች አንዱ በአሜሪካ ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው የሚዛወሩ ወገኖቻችን ኑሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ በሩን ከከፈተ ወዲህ በርካታ ኢትዮጵያውያን በዋሽንግተንና በአካባቢዋ፣ በሎስ አንጀለስ፣ በሲያትል፣ በዳላስ ሰፍረዋል። ዛሬ ከእነዚህ ቤተሰቦች በብዙዎቹ ዘንድ የሚነሣው ጥያቄ ወደ አሜሪካ እንዴት እንሂድ የሚለው ሳይሆን በአሜሪካ ውስጥ ወዴት እንሂድ የሚለው ነው።

የጥያቄው መነሻ በአብዛኛው የቤት ኪራይ ነው። የዋሽንግተንን ታሪክ ብንመለከት በ1980ዎቹ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች በአዳምስ ሞርጋን ሠፈር ተደርድረው ነበር። ኪራዩ ሲወደድ ወደ ዩ ጎዳናና ወደ ዘጠነኛው ጎዳና ተሸጋገሩ። ያም ሲወደድ ብዙው ወገን ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ገፋ። እነሆ አሁን ደግሞ እዚያም ኪራይ የከበደው ቤተሰብ ዓይኑን ወደ ቴክሳስ ያቀናል።

በቴክሳስ ከደመወዝ ላይ የግዛት የገቢ ግብር አይቆረጥም። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሙሉው እውነት አይደለም። ግዛቱ ከደመወዝ ያልወሰደውን በሌላ መንገድ ይሰበስባል። የቤት ግብሩ በአገሪቱ ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ ሲሆን፣ ተከራዩም ቢሆን ባለቤቱ በኪራይ ላይ አስልቶ ስለሚያስከፍለው ከዚህ ግብር አያመልጥም። የሽያጭ ግብሩ ከከተማው ድርሻ ጋር እስከ 8.25 በመቶ ይደርሳል። ዝቅተኛው የሰዓት ደመወዝ ከ2009 ጀምሮ ያልተነካው የፌዴራሉ 7.25 ዶላር ሲሆን፣ በሜሪላንድ ግን ከ2024 መግቢያ ጀምሮ 15 ዶላር ነው። የ2010ሩ የጤና ሕግ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ጎልማሶች የፈቀደውን የሜዲኬይድ መስፋፋት ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ሲቀበሉ ቴክሳስ አልተቀበለችም። ይህን ስንል ቴክሳስ አይኬድም ማለታችን አይደለም። ሄደው የተሳካላቸው ብዙዎች ናቸው። የምንለው፣ አንዲትን ቁጥር ብቻ ይዞ ጓዝ መጠቅለል ግብታዊነት ነው።

ጉዳዩን ይበልጥ ለማብራራት አንድ ቤተሰብ በምሳሌነት እናስብ። አባት ሾፌር፣ እናት በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ተቀጣሪ፣ ሁለት ልጆችና አንዲት አያት ናቸው። በባቡር ጣቢያ አጠገብ ከነበረው አፓርትማቸው ወጥተው በሌላ ግዛት፣ ከከተማ ዳር ቤት ቢይዙ ኪራዩ በወር 500 ዶላር ቀነሰላቸው እንበል። ነገር ግን በአዲሱ ሠፈር አውቶቡስ ስለሌለ ሁለተኛ መኪና ግድ ሆነ። የመኪናው ዕዳ 300፣ ኢንሹራንሱ 150፣ ቤንዚኑ 100 ዶላር ቢሆን ድምሩ 550 ነው። በኪራይ የተገኘው ትርፍ በመንገድ አለቀ፤ 50 ዶላርም ተጨማሪ ወጣ። በዚህ ላይ እናት ወደ ሥራ ስትሄድና ስትመለስ በየጉዞው 40 ደቂቃ ቢጨመርባት፣ በ22 የሥራ ቀን 29 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ይህ ሰዓት ደመወዝ የማይከፈልበት፣ ከእንቅልፍና ከልጆች ላይ የሚቀነስ ጉልበት ነው።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት ግን በዚህ ስሌት ውስጥ ያልተመዘገበው ነው። አያትየዋ በቀድሞው ሠፈር በእግራቸው ወጥተው በአውቶቡስ ቤተ ክርስቲያን ይሳለሙ፣ ከዕድሜ እኩዮቻቸው ጋር ሰንበቴ ይጠጡ፣ ሐኪም ቤትም ያለ አጃቢ ይደርሱ ነበር። በአዲሱ ቤት የራሳቸው ክፍልና ሰፊ ግቢ አግኝተዋል፤ ሆኖም ልጃቸው ከሥራ እስኪመለስ በር ዘግተው ከመቀመጥ ሌላ ምርጫ የላቸውም። ስለ ኪራዩ የተመካከሩት ደመወዝተኞቹ ናቸው። ዋጋውን የከፈሉት ግን ያልተጠየቁት እናት ናቸው።

እንግዲህ የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ላይ ይገኛል። የመኖሪያ ቦታ መለኪያው መኪና የሚነዳው ሰው ሳይሆን በቤቱ ውስጥ መንዳት የማይችለው ሰው መሆን አለበት። አያቲቱና የአሥራ አራት ዓመቱ ልጅ ያለ ሰው እርዳታ ወጥተው የሚገቡበት ሠፈር ለሾፌሩም ይመቻል፤ ለሾፌሩ ብቻ የሚመች ሠፈር ግን ሾፌሩን የቤተሰቡ ሁሉ አመላላሽ ያደርገዋል።

በዚህ መለኪያ ሲታይ ልዩነቱ በግዛትና በግዛት መካከል ብቻ አይደለም። በዳላስ አቅራቢያ ያለችው ጋርላንድ ከ2002 ጀምሮ ከዳላስ ጋር በባቡር ተገናኝታለች። በዳላስና በፎርት ወርዝ መካከል የምትገኘው አርሊንግተን ደግሞ ወደ 400,000 የሚጠጋ ሕዝብ ይዛ ቋሚ መሥመር ያለው የከተማ አውቶቡስ የላትም፤ ነዋሪው በስልክ ጠርቶ የሚሳፈርበት አነስተኛ መኪና ነው ያለው። ሁለቱም ቴክሳስ ናቸው፤ ለአያቲቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

በመሆኑም የአንድ ዓመት ውል ከመፈረም በፊት መደረግ ያለባቸው ነገሮች አሉ። ቦታውን በዕረፍት ቀን ሳይሆን በሥራ ቀን፣ ሥራ በሚገባበት ሰዓት ማየት፣ አውቶቡሱን ራስ ተሳፍሮ መሞከር፣ ልጆቹ የሚመደቡበትን ትምህርት ቤት በከተማው ስም ሳይሆን በቤቱ አድራሻ መጠየቅ ያስፈልጋል። የሙያ ፈቃድም ድንበር አለው። ለምሳሌ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ቴክሳስ በነርሶች ፈቃድ ስምምነት ውስጥ ሲሆኑ የዋሽንግተን ከተማ ግን የለችበትም። ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ልጅ ያለው ደግሞ በቴክሳስ የነዋሪውን ዝቅተኛ ክፍያ ለማግኘት በአጠቃላይ 12 ወር መኖር እንደሚጠየቅ አስቀድሞ ይቁጠር። ደላላው «የእናንተ ሰዎች የሚኖሩት በዚያ በኩል ነው» ብሎ በትውልድ አገር ከመራው፣ ይህን የ1968ቱ የመኖሪያ ቤት ሕግ እንደሚከለክለው ይወቅ።

የዘመድ ምክርስ? ዋጋው ከፍተኛ ነው፤ ሆኖም ዘመድ የሚያሳየን የራሱን ኑሮ እንጂ የእኛን አይደለም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለው የአባቶች አነጋገር እዚህም ይሠራል። ዕድሩ፣ ዕቁቡ፣ ልጅ የሚጠብቅ ጎረቤት በቁጥር ባይሰፍሩም ሀብት ናቸው። በዋሽንግተን ከተማ የ2004ቱ የቋንቋ ሕግ አማርኛን በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እንዲያገለግል ማድረጉ ከዚሁ ሀብት የሚቆጠር ነው። ወደ ሌላ ግዛት የሚሄድ ይህን ትቶ መሄዱን ማወቅ አለበት።

በአጭሩ፣ መዛወር መብት ነው፤ መዛወርን ማስላት ግን ግዴታ ነው። ስሌቱም የሚጀመረው በኪራዩ ቁጥር አይደለም። ቤተሰቡ ማታ ማዕድ ዙሪያ ሲሰበሰብ አስቀድሞ የሚጠየቁት እማማ ይሁኑ፤ «እዚያ ብንሄድ ብቻዎን ወዴት ወዴት ይደርሳሉ?» ተብለው።