የነፋስ ሥራ በአሸዋ ኮረብታ ውስጥ

በፈረንሳይ አገር፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር፣ ከአርካሾን ከተማ አጠገብ ቁመቱ ከ100 ሜትር የሚበልጥ፣ ፒላ የሚባል የአሸዋ ኮረብታ ይገኛል። ላዩን ሲያዩት ዝም ብሎ የተከመረ ይመስላል፤ ውስጡ ግን በንጣፍ በንጣፍ የተደረበ ነው።

ከባሕር የሚመጣው ነፋስ ቅንጣቱን እያዘለለ በለዘብተኛው ዳገት ያወጣዋል። ከጫፉ ሲያልፍ ጉልበቱ ይደክማልና አሸዋው በወዲያኛው ፊት ይከመራል፤ ቁልቁለቱም ወደ 34 ዲግሪ ሲጠጋ ይናዳል። እያንዳንዱ ናዳ ነፋሱ ወደሚሄድበት ያዘነበለ ስስ ንጣፍ ትቶ ያልፋል። አቅጣጫው ሲለወጥ ያው ነፋስ የቀድሞውን ንጣፍ ሸርሽሮ (የራሱን ጽሑፍ የሚፍቅ ጸሐፊ ይመስላል) አዲሱን በሌላ ዝንባሌ ያነጥፍበታል። ስለዚህ ሊቃውንት የተቆረጠ ኮረብታ አይተው የጥንቱ ነፋስ ከወዴት ይነፍስ እንደ ነበር ያውቃሉ።

በፒላ የሚታዩት ጥቋቁር መስመሮች አሸዋው ረግቶ ዕፅዋት የበቀሉበት ዘመን አፈር ናቸው። ኮረብታው ዛሬም በየዓመቱ ጥቂት ሜትር ወደ ምሥራቅ እየተጓዘ በስተኋላው ያለውን የደን መሬት ይቀብራል።