የአሮጌው ላንድሮቨር ፍሬን

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1948 ዓ.ም. በአምስተርዳም ትርኢት ለዓለም የቀረበው ላንድሮቨር፣ እንግሊዝ ከጦርነቱ በኋላ ብረትን እየሰፈረች በምታድልበት ወራት ስለ ተወለደ አካሉ በአልሙኒየም ተሠራ። ፍሬኑም ቀላል ነው፤ መርገጫው ሲረገጥ ዋናው ፓምፕ የፍሬን ዘይቱን በቀጭን ቱቦ ይገፋል፣ ዘይቱም በየቸርኬው ባለችው ትንሽ ፓምፕ አማካይነት ሸራዎቹን ገፍቶ ከሚዞረው ታምቡር ጋር ያፋትጋቸዋል። ምሥጢሩ ይኸው ብቻ ስለ ሆነ፣ ክሪክና ቁልፍ፣ ትዕግሥትም ያለው ባለቤት በገዛ እጁ ሊያድሰው ይችላል።

ነገር ግን አስቀድሞ የእጅ ፍሬኑን ጠባይ ማወቅ ይገባዋል። የዚህ መኪና የእጅ ፍሬን የኋላ ቸርኬዎችን በቀጥታ አይዝም፤ የሚይዘው ከማርሽ ሳጥኑ በስተኋላ ባለች አንዲት ታምቡር፣ ኃይልን ወደ ኋላ የሚያደርሰውን ዘንግ ነው። ስለዚህ ከኋላ አንዱ ቸርኬ በክሪክ ከመሬት የተነሣ እንደ ሆነ፣ ዲፈረንሻሉ የተንጠለጠለው ቸርኬ ወደ አንድ ወገን ሲዞር መሬት የረገጠው ወደ ሌላው እንዲዞር ስለሚፈቅድ፣ የእጅ ፍሬኑ ተስቦ ሳለ መኪናው ሊንሸራተት ይችላል። ታኮ ሳያስገቡ፣ ሻሲውንም በጽኑ ማቆሚያ ላይ ሳያሳርፉ ከሥሩ መግባት እግዚአብሔርን መፈታተን ነው።

ታምቡሩ ሲወልቅ የሚገኘውን ትቢያ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ እንጂ በአየር መንፋት አይገባም፤ በቀድሞ ሸራዎች ውስጥ የነበረው አስቤስቶስ የሳምባ ጠንቅ ነውና። ዘይት የጠጣውን ሸራ በቤንዚን አጥቦ የመመለስን ልማድ እኔ አልቀበለውም፤ የተደበቀው ዘይት በሙቀት ጊዜ ተመልሶ ይወጣልና ሸራው ከነጥንዱ ይለወጥ፣ ዘይት ያሳለፈውም ጎማ ይታደስ። በፓምፖቹ ውስጥ ያሉት ጎሚኒዎችም ቤንዚንና የሞተር ዘይት ሲነካቸው ያብጣሉና የሚታጠቡት በፍሬን ዘይት ብቻ ነው። ሁሉ ከተገጠመ በኋላ፣ በታምቡሩ ጀርባ ያለው ማስተካከያ ቸርኬው እስኪያዝ ይጠብቅና፣ በነፃ እስኪዞር ድረስ በጥቂቱ ይላላል።

ብዙ ሰው የሚንቀው ግን ዘይቱን ነው። የፍሬን ዘይት እንደ ክረምት ጨው ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ሊታገሥ ሲገባው፣ 3.7 በመቶ ያህል ውሃ ከጠጣ ግን የሚጠበቅበት 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ከጎሃ ጽዮን ተነሥቶ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ ሰው፣ በከባድ ማርሽ ፈንታ ፍሬኑን ሳያቋርጥ ሲረግጥ ታምቡሩ ይግላል፣ ውሃ የጠጣው ዘይትም ይፈላል፤ ዘይት ሲጨመቅ አይታመቅም፣ እንፋሎት ግን ይታመቃልና መርገጫው ባዶውን ይወርዳል። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ ዘይቱን መለወጥ ይበጃል።

አየሩን ለማስወጣት ከዋናው ፓምፕ እጅግ ከራቀው ቸርኬ ይጀመራል፤ ረዳቱ መርገጫውን በዝግታ ሲጫን የማስተንፈሻው ቡሎን ይከፈታል፣ እግሩን ከማንሣቱ በፊትም ይዘጋል፣ በብርሌ የተጠራቀመውም ዘይት ተመልሶ አይጨመርም። በመጨረሻ መኪናው በሜዳ ላይ በዝግታ ይሞከራል፤ መርገጫው ደጋግመው ሲረግጡት ብቻ ከፍ የሚል ከሆነ፣ ወይ አየር ቀርቷል ወይ ሸራው ከታምቡሩ ርቋልና ሥራው እንደ ገና ከመጀመሪያው ይያዛል።