ቱቦው ወጥቷል፤ ውሃስ መቼ ይጠጣ?

በፅኑ ሕሙማን ክፍል የተኛ ሰው በአፉ የገባለት የመተንፈሻ ቱቦ ሲወጣ ቤተሰብ እፎይ ይላል። አስታማሚ አጥሚቱን በፔርሙስ ይዞ በር ላይ ይቆማል። ሕመምተኛውም ድምፁ እንደሰለለ በቅድሚያ የሚለምነው ብዙ ጊዜ ውሃ ነው። ጥማቱ የእውነት ነው፤ ከዚያ ክፍል በሕይወት የወጡ ሰዎች ከሚያስታውሷቸው ከባድ ስቃዮች አንዱ ነው። ችግሩ ግን ያለ ማሽን መተንፈስ የቻለ ሰው ሁሉ መዋጥም ይችላል ማለት አለመሆኑ ነው። የጠጣው ውሃ ወደ ጨጓራ መውረዱ ቀርቶ ወደ ሳንባ ከገባ ሳንባ ምች ሊይዘው፣ ከዚያም አልፎ ወደ ማሽኑ ሊመልሰው ይችላል። ስለዚህ ሐኪሞችና ነርሶች ገና የመጀመሪያው ፉት ሳይቀመስ ማን እንደሚቸገር ለማወቅ ይጥራሉ።

መዋጥ ቀላል የሚመስለን ሳናስበው ስለምናደርገው ነው። አንድ ጊዜ ስንውጥ ከ30 የሚበልጡ ጡንቻዎች በየተራቸው ይሠራሉ። ትንፋሽ ለቅጽበት ይቆማል፤ ማንቁርት ወደ ላይና ወደ ፊት ይነሳል፤ የድምፅ አውታሮች ይገጥማሉ፤ ቅጠል የመሰለው ክዳን በአየር ቧንቧው አፍ ላይ ይደፋል፤ የምግብ ቧንቧው ይከፈታል። ምግቡ ጉሮሮን የሚያልፈው በአንድ ሰከንድ ገደማ ነው። ከእነዚህ እርምጃዎች አንዱ ትንሽ ቢዘገይ የሚዋጠው ነገር መንገዱን ይስታል።

ቱቦው የሚያልፈው በእነዚሁ የድምፅ አውታሮች መካከል ነው። ቀናት ሲቆጠሩ አካባቢውን ይጫነዋል፣ ያሳብጠዋል፣ አንዳንዴም ያቆስለዋል። ወፍራም ቱቦ የገባላቸው ሰዎች ይበልጥ እንደሚቸገሩ ታይቷል። ይሁን እንጂ ጥፋቱን ሁሉ በቱቦው ላይ መጣል ትክክል አይደለም። ፅኑ ሕመም እግርና ክንድን እንደሚያዝለው ሁሉ የመዋጫ ጡንቻዎችንም ያዝላል፤ የማደንዘዣና የማስተኛ መድኃኒት ውጤት አእምሮን ያፈዛል፤ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ሰው ደግሞ ትንፋሹን ይዞ ለመዋጥ ጊዜ ያጥረዋል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የጉሮሮ መደንዘዝ ነው። ጤነኛ ሰው ትን ሲለው ያስላል፣ ዓይኑ እንባ ያቀራል፣ አጠገቡ ያለውም ይደነግጣል። ጉሮሮው የደነዘዘ ሕመምተኛ ግን ውሃው ወደ ሳንባው እየወረደ ምንም ሳይሰማው ሊቀር ይችላል። ይህ ስውር ትንታ ነው። በርካታ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ ምግብ ወይም ፈሳሽ ወደ አየር ቧንቧቸው ከገባባቸው ታካሚዎች ከሦስት አንድ የሚሆኑት አላሳሉም። «ሰጠሁት፣ ምንም አልሆነም» የሚለው የአስታማሚ ምስክርነት፣ በቅንነት የተነገረ ቢሆንም፣ ማረጋገጫ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ታዲያ ማን እንደሚቸገር እንዴት ይገመታል? በዚህ ረገድ ጎልቶ የሚጠቀሰው በስዊዘርላንድ በርን ከተማ በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ጥናት ነው። እዚያ የፅኑ ሕሙማን ነርሶች ቱቦ የወጣላቸውን ሰዎች በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በውሃ ይፈትኑ ነበር። ከ933ቱ 116ቱ፣ ማለትም 12.4 በመቶው፣ በፈተናው ወደቁ። ከክፍሉ ሲወጡ ችግሩ አብሯቸው ከነበረው 96 ሰዎች ውስጥ 58ቱ ከሆስፒታሉ እስኪሰናበቱ ድረስ አልተሻላቸውም። የሕመሙ ክብደትና በማሽን የቆዩበት ጊዜ ከግምት ከገባ በኋላ እንኳ መዋጥ የተቸገሩት በ90 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድላቸው ከሌሎቹ ከፍ ያለ ነበር።

ተመራማሪዎቹ አስቀድመው ምልክት የሚሰጡትን ነገሮችም ፈልገዋል። ከባዱ ምልክት ቀድሞ የነበረ የነርቭ ወይም የአንጎል ሕመም ሆነ። በድንገተኛ መግባት፣ በማሽን የቆዩባቸው ቀናት ብዛት፣ የኩላሊት እጥበት ያስፈለገባቸው ቀናትና የሕመሙ ክብደት ይከተላሉ። እነዚህ ሁሉ በሕመምተኛው ካርድ ላይ የሚገኙ ናቸው። ቱቦው ከመውጣቱ በፊት አንድ ነርስ ካርዱን አይታ «እኚህ እናት ስትሮክ ነበረባቸው፣ በድንገተኛ ገብተው አሥር ቀን በማሽን ቆይተዋል፤ እሳቸውን በተለየ ጥንቃቄ እንያቸው» ማለት ትችላለች። ለዚህ ኮምፒውተር አያስፈልግም።

ሆኖም ግምቱ ከቦታ ቦታ በቀላሉ አይሻገርም። በበርን ጥናት በቀጠሮ ለቀዶ ሕክምና ከገቡት የወደቁት 4.9 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ በድንገተኛ ከገቡት ግን 18.3 በመቶ ነበሩ። በአንድ ሆስፒታል፣ በአንድ ዓይነት ፈተና እንኳ ልዩነቱ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የጥናቶች ግምገማም ከ3 እስከ 62 በመቶ የሚደርሱ ቁጥሮችን አግኝቷል፤ ማን፣ መቼ፣ በምን እንደተፈተነ ስለሚለያይ። በአብዛኛው በቀጠሮ የመጡ ሰዎችን የሚያክም ሆስፒታል ማን እንደሚቸገር ለመገመት ያዘጋጀውን የነጥብ ሰንጠረዥ፣ አልጋዎቹ በመኪና አደጋ ጭንቅላታቸው በተጎዱ ሰዎች ለተሞሉበት ሌላ ሆስፒታል እንዳለ መውሰድ ብዙ ሰዎችን ከጥንቃቄ ውጭ ያደርጋል። አሁን የሚሠሩት የኮምፒውተር መተንበያዎችም የተማሩት ከአንድ ቦታ ታካሚዎች ከሆነ ያው ጣጣ ይጠብቃቸዋል። የእኛም ሆስፒታሎች የራሳቸውን ታካሚዎች ፈትነው የራሳቸውን ቁጥር ቢይዙ ደስ ይለኛል።

በእኔ እምነት ግምቱ የሚጠቅመው ማንን ቀድሞ፣ ማንንስ ደጋግሞ መፈተን እንደሚገባ ለመወሰን እንጂ ፈተናውን ለመተካት አይደለም። የታወቀው የውሃ ፈተና ብዙ ዕቃ አይጠይቅም። ሕመምተኛው በደንብ መንቃቱ፣ ቀና ብሎ መቀመጡና የሚባለውን መረዳቱ ከተረጋገጠ በኋላ 90 ሚሊ ሊትር ውሃ ሳያቋርጥ እንዲጠጣ ይደረጋል። ካቋረጠ፣ ካሳለ ወይም ትን ካለው ወድቋል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ በ3,000 ታካሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት ይህን ፈተና በቀጭን ካሜራ ጉሮሮን ከማየት ጋር አነጻጽሮታል። ውሃው ትንታ ካለባቸው ሰዎች 96.5 በመቶውን ለይቷል። በሌላ በኩል ደህና ከሆኑት ውስጥ በትክክል ደህና ናቸው ያላቸው ከግማሽ በታች፣ 48.7 በመቶ ናቸው።

አደገኛውን አለማሳለፉ ጥሩ ነው፤ ዋጋው ግን በጥማት ይከፈላል። በፈተናው የወደቀ ሁሉ ለቀናት አፉ ተዘግቶ በአፍንጫ ቱቦ ይመገብ ከተባለ ብዙ ደህና ሰዎች ያለ ምክንያት ይሰቃያሉ። ስለዚህ የወደቀ ሰው የመዋጥ ሕክምና ባለሙያ ባለበት በባለሙያው ይታያል፤ በሌለበት ደግሞ ፈተናው ይደገማል። ቱቦው ከወጣ በኋላ 24 ሰዓት ሙሉ ምንም አይቅመስ የሚለው የቆየ ልማድም ለሁሉም አይሠራም። በአሜሪካ በ202 ታካሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት በመጀመሪያው ሰዓት 166ቱ የውሃ ፈተናውን ማለፋቸውን አሳይቷል። ያላለፉት በአራት ሰዓትና በማግስቱ እንደገና ተፈተኑ፤ ከእነሱም ያለፉ ነበሩ።

ለአስታማሚ የምለው ይህን ነው። ነርሷን ሳይጠይቁ ማንኪያ ውሃም ቢሆን አይስጡ። ውሃ ከወፍራም ነገር ይልቅ ፈጥኖ ስለሚወርድ ለደከመ ጉሮሮ ከባድ ነው፤ «ውሃ ብቻ ነው የሰጠሁት» ማለት አያድንም። እስኪፈቀድ ድረስ አፉን በረጠበ ጨርቅ ያርጥቡለት፤ የአፉ ንጽሕናም ይጠበቅ፤ ወደ ሳንባ የሚገባው ምራቅ ጀርም ከበዛበት ጉዳቱ ይብሳልና። ሲፈቀድ ቀና አድርገው ያስቀምጡት፤ በትንሽ በትንሹ ይስጡት፤ የቀደመውን ሳይውጥ አያጉርሱት። በፍቅር ተደራርቦ የሚመጣ ጉርሻ እዚህ ቦታ የለውም። ከምግብ በኋላ ድምፁ ውሃ ያዘለ ያህል ቢንቦጫረቅ፣ ምግብ ጉንጩ ውስጥ ቢቀር፣ ትንፋሹ ቢፈጥን፣ ወይም በማግስቱ ቢያተኩሰው ለነርሷ ይንገሩ።

ከሆስፒታል ሲወጡም የመዋጥ ፈተናው ውጤትና ምን ዓይነት ምግብ እንደተፈቀደ በመውጫ ወረቀቱ ላይ እንዲጻፍ ይጠይቁ። አብዛኞቹ ይድናሉ፤ ጊዜው ግን ሊረዝም ይችላል። በአሜሪካ ከባድ የሳንባ ጉዳት ገጥሟቸው ከማሽን የወጡ ሰዎችን ለአምስት ዓመት በተከታተለ ጥናት፣ ከሆስፒታል ሲወጡ መዋጥ ይቸግረን ነበር ካሉት ሩብ ገደማ የሚሆኑት ለመዳን ከስድስት ወር በላይ ወስዶባቸዋል። በአምስተኛው ዓመት ግን ሁሉም ድነው ነበር።