ወደ ጣና ዳር የሚደረግ የቤተ ሰብ ጉዞና የእናት ዕረፍት

ሰው ወደ ዕረፍት ሲሄድ ድካሙን ይዞ የሚሄድ ከሆነ ቦታ ለወጠ እንጂ አላረፈም። ይህም ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በቤተ ሰብ ጉዞ ላይ ነው። አባት ከመሥሪያ ቤቱ፣ ልጆችም ከትምህርት ቤታቸው ያርፋሉ። የቤቲቱ እመቤት ግን ከጉዞው አስቀድሞ ስንቅ ስታሰናዳ ትሰነብታለች፤ በመንገድ ሕፃን ትታቀፋለች፤ በደረሱበት ስፍራም ድስትና ከሰል ፍለጋ ትነሣለች። ሲመለሱ ደግሞ የሁሉም ልብስ እጥበት ይጠብቃታል።

በኦሪት ዘጸአት የተጻፈው የሰንበት ሕግ ዕረፍትን ለቤቱ ጌታ ብቻ አልሰጠም፤ ለወንድና ለሴት ልጅ፣ ለአገልጋይ፣ ለከብትና ለእንግዳ ጭምር አዘዘ እንጂ። ስለዚህ ጉዞ የሚያቅድ አባወራ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው «ወዴት እንሂድ?» ብሎ ሳይሆን «ከመካከላችን ይበልጥ የደከመው ማን ነው?» ብሎ ነው።

ለደብረ ማርቆስና ለአካባቢዋ ሰው የሚቀርበው የውሃ ዳር ከተማ ባሕር ዳር ነው። አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ ባይኖራትም የጣና ዳር ሰው ሐይቁን «ባሕር» ብሎ ይጠራዋል፤ ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ ስሙ አልበዛበትም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ስትል ሐይቁ ያለው በ1,800 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ከደጋው ብርድ ለወረደ ቤተ ሰብ አየሩ ራሱ ለውጥ ይሰጣል።

መንገዱ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ አድርጎ 265 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሄድ አብዛኛውን ቀን ይወስዳል። እንግዲህ ቅዳሜ ሄዶ እሑድ መመለስ በአውቶቡስ ተቀምጦ መዋል ነው እንጂ ዕረፍት አይባልም። ዓርብ የበዓል ቀን የሆነበትን ሳምንት መምረጥ፣ ወይም የአንድ ቀን ፈቃድ መጠየቅ ይሻላል። ዓርብ በማለዳ መነሣት፣ ቅዳሜን በሐይቁ ላይ መዋል፣ እሑድ በባሕር ዳር ቅዱስ ጊዮርጊስ አስቀድሶ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ቤት መግባት ይቻላል። ወቅቱም ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ቀን ከመግባቱ በፊት ቢሆን መልካም ነው፤ ዓርብ የጾም ቀን ቢሆንም ቅዳሜ የጣናን ቆሮሶ ወይም አምባዛ መቅመስ ይቻላልና።

ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት መንገዶች ብዙ ጊዜ ሲዘጉ ስለ ቆዩ ከሹፌሮችና በዚያ ካሉ ዘመዶች ሳይጠይቁ መነሣት አይገባም። ወሬው የማያስተማምን ከሆነ ዕቅዱን ለሌላ ወር ማቆየት ዐዋቂነት ነው።

በሐይቁ ላይ የሚታየውን ገዳም ሲመርጡ አንድ ነገር መታሰብ አለበት። የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የሌሎችም ነገሥታት ዐጽም ያረፈበት ዳጋ እስጢፋኖስ፣ እንዲሁም ክብራን ገብርኤል፣ በሥርዐታቸው ሴቶችን አያስገቡም። ሥርዐቱ ሊከበር ይገባል፤ ይሁን እንጂ ይህን ሳያውቅ ጀልባ የተከራየ አባወራ ሚስቱንና ሴቶች ልጆቹን በውሃው ዳር አስቀምጦ ብቻውን ይሳለማል። ቤተ ሰቡ አንድ ላይ እንዲጸልይ ከተፈለገ የዘጌው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ወይም አዝዋ ማርያም ይመረጥ፤ በእነዚህ ሴቶችም ገብተው ይሳለማሉ። በዑራ ክብ ቤተ ክርስቲያን የመቅደሱ ግድግዳ በቅዱሳን ሥዕል የተሞላ ስለ ሆነ ገና ማንበብ ያልጀመረ ሕፃን እንኳ የሚማረው አያጣም። በዘጌ ማረስና ከብት ማርባት ከጥንት ጀምሮ እንደ ተከለከለ ይነገራል፤ ቡናውም በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል።

ከባሕር ዳር እስከ ዘጌ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ስለሚበረታ በጧት መሄድ ይገባል። ከመሳፈር በፊት ዋጋውን መነጋገር፣ የገዳሙ መግቢያ በሒሳቡ ውስጥ መግባት አለመግባቱን መጠየቅ፣ ለያንዳንዱ ልጅም የመንሳፈፊያ ሰደርያ መኖሩን በዐይን ማየት ያስፈልጋል። በሐይቁ ቢልሃርዝያ ስለሚገኝ ልጆች አይዋኙበት። ከክረምት በኋላም ወባ ስለሚበዛ ማታ በአጎበር ሥር ይተኙ። የጢስ ዐባይን ፏፏቴ በዚያው ቀን ልጨምር ማለት ድካም ያመጣል። ከዚህም በላይ ውሃው ለኤሌክትሪክ ኀይል ስለሚጠለፍ ፏፏቴው አንዳንድ ጊዜ ይሳሳል፤ ለሌላ ጉዞ ቢተው ይሻላል።

አሁን ወደ ተነሣንበት ዋና ነገር እንመለስ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1442 ዓ.ም. በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ቀዳሚት ሰንበት ከእሑድ ጋር እንድትከበር አጽንተዋል። እኒሁ ንጉሥ ባረፉበት ሐይቅ ዳር እናት ቅዳሜን በምድጃ ፊት ብትውል ነገሩ አያምርም። ስለዚህ ስንቁ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና በሶ ብቻ ይሁን፤ ትኩሱ ምግብ በምግብ ቤት ይበላ። ለዚህ የሚሆነው ገንዘብ ከጀልባው ኪራይ በፊት በደብተር ይጻፍ፤ ካልበቃም ከሌላው ወጪ ይቀነስ እንጂ ከእርሷ ዕረፍት አይቀነስ። ሕፃኑን በመንገድ አባት ይያዘው፤ ታላላቆቹ ልጆች ሻንጣውን ይሸከሙ። የምትታለበውን ላም ጎረቤት እንዲጠብቃት አስቀድሞ ይነገር። በቤት የምታገለግለዋ ልጅም ቤት ጠባቂ ሆና አትቅር፤ ወይ አብራ ትሂድ፣ ወይ ደመወዟ ሳይቀነስ ወላጆቿን ጠይቃ ትምጣ።

ከጉዞ በተመለሱበት ማግስት ደግሞ የቆሸሸው ልብስ አለ። የጉዞው ዕቅድ የሚፈጸመው በደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ከአውቶቡስ ሲወርዱ አይደለም፤ አባትና ልጆች እጃቸውን ሰብስበው ያንን ልብስ አጥበው ካሰጡት በኋላ ነው።