በአማቶችዎ እርሻ ሥር ምን ተቀብሯል? የመጀመሪያውን ብረት ፈላጊ መሣሪያ ከመግዛትዎ በፊት

የተቀበረ ነገር ልብ ይሰርቃል። ምስማር ይሁን ቆርኪ፣ ከመሬት ሥር ያለውን ማንም አላየውምና ሁሉም በየልቡ ወርቅ ያደርገዋል። ከወደ አሜሪካ፣ ከቨርጂኒያ የደረሰን ደብዳቤም ይህንኑ የሚያስታውስ ነው።

ጸሐፊው አሜሪካዊት ያገባ ወገናችን ነው። የባለቤቱ ቤተሰብ በኩልፔፐር ሰፊ እርሻ አለው። አማቱ ካረፉ ወዲህ መሬቱ የባለቤቱና የሁለት ወንድሞቿ ሆኗል። “የእርስ በርስ ጦርነቱ ወታደሮች እዚህ እርሻ ላይ ሰፍረው ነበር ይባላል። ልጆቼ ስልክ ላይ ተደፍተው ከሚውሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእኔ ጋር የድሮ ጥይትና የወታደር ኮት ቁልፍ ቢፈልጉ ብዬ ‘ሜታል ዲቴክተር’ ልገዛ ነው። ሱቅ ስገባ ግን ከ100 ዶላር ጀምሮ እስከ ብዙ ሺህ ዶላር ተደርድሯል። ግራ ገባኝ። የቱን ልግዛ?” ሲል ይጠይቃል።

ወሬው መሠረት የሌለው አይደለም። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1861 እስከ 1865) ኩልፔፐር ሁለቱ ጦሮች የተመላለሱበት ምድር ነበር። እ.ኤ.አ. ጁን 9 ቀን 1863 በብራንዲ ስቴሽን የተደረገውና በሰሜን አሜሪካ ትልቁ የፈረሰኞች ውጊያ የሚባለው እዚያው ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ የመጣውን የብርድ ወራትም የሰሜኑ ጦር በዚሁ አካባቢ ጎጆ ቀልሶ አሳልፎታል። የሰፈረ ወታደር ደግሞ ዕቃ ይጥላል፤ ጥይት፣ ቁልፍ፣ የቀበቶ ዘለበት፣ ሳንቲም...

ታዲያ የቱን ይግዛ? መልሳችን አጭር ነው፤ መሣሪያውን የሚመርጠው መሬቱ ነው። አፈሩ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ባለቤቶቹ እነማን እንደሆኑና ውስጡ ምን አደጋ እንዳለ ሳይታወቅ የሚገዛ መሣሪያ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆናል።

መሣሪያው ጠንቋይ አይደለም

በዘንጉ ጫፍ ያለው ክብ ነገር ‘ኮይል’ ይባላል። ውስጡ የተጠመጠመ ሽቦ ነው። ባትሪው ኤሌክትሪክ ሲሰጠው ወደ መሬት የማግኔት ኃይል ይልካል። ይህ ኃይል ብረታ ብረት ሲያገኝ እዚያ ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይቀሰቅሳል፤ ያም መልሶ ለኮይሉ ምልክት ይሰጣል። ጆሮዎ ላይ ‘ጢው’ ይላል። በቃ፣ ሥራው ይሄው ነው!

እ.ኤ.አ. በ1881 አንድ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በጥይት ሲመቱ፣ ስልክን የፈለሰፈው ሰው ጥይቱ ሰውነታቸው ውስጥ የት እንዳለ ለማወቅ እንዲህ ያለ መሣሪያ ሠርቶ ቀርቦ ነበር። አላገኘውም። ከምክንያቶቹ አንዱ ሆኖ የሚነገረው የአልጋው የብረት ስፕሪንግ ነው። መሣሪያው ብረት አለ ማለቱን ብሏል። የትኛው ብረት እንደሆነ መለየት ግን የሰው ፋንታ ነው።

ስለዚህ “ከ100 ሜትር ርቀት ወርቅ ያሳያል” የሚል አንቴና የመሰለ ነገር ቢያቀርቡልዎ ኪስዎን ይዘው ይውጡ። እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ እንግሊዛዊ ነጋዴ ለቀልድ የሚሸጥ የጎልፍ ኳስ ‘መፈለጊያ’ን መነሻ አድርጎ ያወጣውን ባዶ መሣሪያ፣ “ፈንጂ ይፈልጋል” እያለ ለኢራቅ ጭምር በመሸጡ 10 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። ሰው በሕይወቱ የተታለለበት ዕቃ በወርቅ ስም ሲመጣማ እንዴት አይታለልበት!

ቀዩ አፈር

ወደ ኩልፔፐር እንመለስ። አፈሩ ቀይ ሸክላ ነው፤ ያቀላው ደግሞ ብረት ነው። መሣሪያው ገና ምንም ሳያገኝ አፈሩ ራሱ ይጮህበታል። ደህና አፈር ላይ ጀማሪው መሣሪያ ሳንቲም የምታክል ነገር ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ድረስ ያገኛል። እዚህ ግን በጣም ሊቀንስበት ይችላል። “ሁለት ሜትር ይወርዳል” የሚል ማስታወቂያ ቢያዩ ስለ ትልቅ በርሜል እንጂ ስለ ኮት ቁልፍ እንዳልሆነ ይወቁት።

እንግዲህ ለዚህ መሬት መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ “የአፈሩን ጩኸት የሚያስታግስ ማስተካከያ አለው ወይ?” የሚል ነው። ሻጮቹ ‘ግራውንድ ባላንስ’ ይሉታል። ከ200 እስከ 400 ዶላር ገደማ ባለው ዋጋ ከሚገኙት ሦስቱን እንይ።

ጋሬት ኤስ 300 ለመልመድ ቀላል ነው፤ ይህ ማስተካከያው ግን ከፋብሪካ እንደተቆለፈ ነው የሚመጣው። ለጓሮና ለመናፈሻ ደግ፣ ለቀይ አፈር ግን ደካማ ነው። ኖክታ ሲምፕሌክስ የቱርክ ሥራ ነው። ማስተካከያው በእጅዎ ነው፤ ዝናብም አያስፈራውም። ማይንላብ ቫንኩዊሽ በአንድ ጊዜ በብዙ ሞገድ ስለሚሠራና አፈሩን ራሱ ስለሚያስተካክል ለጀማሪ ይመቻል። እኛ ብንሆን ለዚህ እርሻ ከኋለኞቹ ሁለቱ አንዱን እንይዛለን።

‘ፐልስ ኢንዳክሽን’ የሚባሉት ውድ መሣሪያዎች በቀይ አፈር ውስጥ በእርግጥ ጠልቀው ይሰማሉ። ሆኖም ምስማርን ከጥይት በመለየት ደካሞች ናቸው። ከልጆች ጋር የሚወጣ አባት ቀኑን ሙሉ ዝገት ሲቆፍር ውሎ፣ በሁለተኛው ቅዳሜ ብቻውን ይቀራል!

ሦስት ነገር ይጨምሩ። አንደኛ፣ የጆሮ ማዳመጫ፤ ደካማው ድምፅ ያለ እሱ አይሰማም። ሁለተኛ፣ ‘ፒንፖይንተር’ የሚሏት የእጅ መፈለጊያ፤ ጉድጓዱ ውስጥ ዕቃው የቱ ጋ እንዳለ ታሳያለች፤ አካፋውም ዕቃውን እንዳይቆርጠው ታድናለች። ሦስተኛ፣ ክብደቱን ልጆቹ ራሳቸው ሱቅ ውስጥ አንሥተው ይሞክሩት።

ምስማሩ ይናቃል?

መሣሪያዎቹ “ምስማር አታሰማኝ” የሚል ማዘዣ አላቸው። ጀማሪ ሁሉ እሱን እስከ ጣሪያ ይከፍተዋል። ይሄ ጥሩ አይደለም! ከምስማር አጠገብ የተቀበረ የነሐስ ቁልፍ አብሮ ዝም ሊል ይችላል። ደግሞም የድሮ ጎጆ ምልክቱ ምስማሩ ነው። ምስማር የበዛበት ሥፍራ ሰው የኖረበት ነውና ቀስ ብለው ይመላለሱበት። በሌላ በኩል የለስላሳ መጠጥ ጣሳ መክፈቻ ከወርቅ ቀለበት ጋር ተቀራራቢ ድምፅ ያሰማል። ወርቅ የፈለገ ብዙ መክፈቻ መልቀም አለበት።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ነውና፣ እርሻው ጋ ከመሄድዎ በፊት ግቢዎ ውስጥ ሳንቲም፣ ምስማር፣ የእርሳስ ቁራጭና የጣሳ መክፈቻ በ10 እና በ15 ሴንቲ ሜትር ቅበሩ። እናንተም ልጆቹም ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ድምፁን ለዩ።

ጉድጓድ ሳይቆፈር ቤተሰብ ይሰብሰብ

ከደብዳቤው ውስጥ እኛን ያሳሰበን የመሣሪያው ዋጋ አይደለም። “የባለቤቱና የሁለት ወንድሞቿ” የሚለው ነው። ለመሆኑ ወንድሞቿ ይህን ነገር ሰምተዋል?

በአሜሪካ በግል መሬት ውስጥ ተቀብሮ የተገኘ ዕቃ በአብዛኛው የባለመሬቱ ነው፤ የመሣሪያው ገዢ አይደለም። የእርሳስ ጥይት በጥቂት ዶላር ይሸጣል፤ ማንም አይጣላበትም። አንዳንድ የደቡቡ ጦር የቀበቶ ዘለበት ግን በሺህ የሚቆጠር ዶላር ያወጣል። ያን ቀን “አንተ ማን ነህና የአባታችንን መሬት የምትቆፍረው?” የሚል ቃል ከወጣ ወዲያ የቤተሰቡ በዓል እንደ ድሮው አይሆንም። መካከል የምትቆመውም ሚስት ናት።

ስለዚህ ሦስቱንም ወራሾች በአንድ ማዕድ ይጋብዙ። የት የት ይቆፈራል? የተገኘው ይሸጣል ወይስ በአንድ ሣጥን ለቤተሰቡ ይቀመጣል? ቢሸጥ እንዴት ይካፈላል? በአንድ ገጽ ተጽፎ ሁሉም ይፈርም። ነውር አይደለም፤ ፍቅርን ከነገር መጠበቂያ ነው።

የመሬቱን ወሰንም በካርታ ያረጋግጡ። እ.ኤ.አ. በ2024 በኩልፔፐር የጦር ሜዳዎቹን የያዘ የግዛት ፓርክ ተከፍቷል። በመንግሥት ፓርክ ውስጥ ያለ ፈቃድ መቆፈር ወንጀል ነው። በፌዴራል መሬት ላይ ከሆነ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የአርኪዎሎጂ ሀብት ጥበቃ ሕግ ለመጀመሪያ ጥፋት እንኳ እስከ 1 ዓመት እስራትና 10 ሺህ ዶላር መቀጮ ያስከትላል። ከባድ ከሆነ ቅጣቱ ከዚያም ይበልጣል። በእርሻው ውስጥ የሰው አጥንት ካጋጠመ ወዲያው አቁመው ለሸሪፉ ያስታውቁ።

ይህን ክብ ብረት አይንኩት!

እ.ኤ.አ. በ2008 በዚያው በቨርጂኒያ፣ የጦርነቱን ቅርሶች ለብዙ ዓመት ሲሰበስብ የኖረ ሰው የድሮ የመድፍ ጥይት ቤቱ ሆኖ ሲያጸዳ ፈንድቶ ገደለው። ከ140 ዓመት በላይ የቆየ ጥይት! ሰውየው ጀማሪ አልነበረም። ልጆችዎ ክብ ወይም ጫፉ የሾለ ከባድ ብረት ካዩ እንዳያነሡት፣ እንዳይመቱት፣ ቤት እንዳያመጡት ከመጀመሪያው ቀን ይንገሯቸው። ቦታውን ምልክት አድርገው ርቀው 911 ይደውሉ።

የተገኘውን ትንሽ ዕቃ ደግሞ በሽቦ ብሩሽ አይፈግፍጉት፤ በውሃ ብቻ ያለቅልቁት። የት፣ በስንት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት እንደተገኘ ልጆቹ በደብተር ይመዝግቡ። ታሪኩ የጠፋ ቁልፍ ተራ ቁልፍ ነው። እርሳስ መርዝ ስለሆነ እጅ ሳይታጠቡ ምሳ የለም።

“ለአገር ቤት ልላከው” ለምትሉ

ይህን አንብባችሁ “የአያቶቼ መሬት ጣሊያን የሰፈረበት ነው፤ መሣሪያውን ለወንድሜ ልላክለት” የምትሉ አትጠፉም። ቆይ እንጂ! በአገራችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈር ክልክል ነው፤ በአጋጣሚ ያገኘ ሰውም ማስታወቅ አለበት። የቨርጂኒያው ሕግ እዚህ አይሠራም።

ከሕጉ የሚብሰው ደግሞ አደጋው ነው። ከጣሊያን ወረራ ጀምሮ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. እስከተደረገው የሰሜኑ ጦርነት ድረስ ያልፈነዳ ብረት በየሜዳው ቀርቷል። ያ ‘ጢው’ የሚል ድምፅ ሳንቲም ይሁን ፈንጂ መሣሪያው አይነግራችሁም። ለወንድማችሁ ለሌላ ጉዳይ የሚሆነውን ገንዘብ ላኩለት፤ መሣሪያውን ግን ተዉት።

ለቨርጂኒያው ወዳጃችን፦ መጀመሪያ ወራሾቹን ያነጋግሩ፣ ቀጥሎ ካርታውን ይዩ፣ ከዚያ ወደ ሱቅ ይሂዱ። መልካም ቅዳሜ ለእርስዎም ለልጆቹም!