የሮቤርቶ ክሌሜንቴ ካርዶችና የስሙ ነገር

አንድ ሰው ቴምብር ቢያጠራቅም ማንም አይደነቅበትም፤ የጥንት ገንዘብ ቢሰበስብም ዐዋቂ ይባላል። ነገር ግን ከማስቲካ ጋራ በሳንቲም ትሸጥ የነበረች፣ ከመዳፍ የማትበልጥ ወፍራም ወረቀት ለማግኘት ዕድሜውን ሙሉ የሚደክም ሰው አለ ቢባል፣ አንባቢያችን ፈገግ ማለቱ አይቀርም። እኛም ነገሩን መመርመር በጀመርን ጊዜ ፈገግ ብለን ነበር። እየቆየን ስንሄድ ግን ከወረቀቲቱ በስተኋላ የአንድ ሰው የክብር ነገር ተሰውሮ ስላገኘን፣ ለቤተ ሰብ ገጻችን የሚገባ ጉዳይ ሆኖ ታየን። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በአሜሪካ አገር ቤዝቦል የሚባለው የኳስና የዱላ ጨዋታ ምን ያህል የተወደደ እንደ ሆነ የታወቀ ነው። የተጫዋቾችን ሥዕል በትንንሽ ካርድ እያተሙ ከሌላ ሸቀጥ ጋራ መሸጥ የተጀመረው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ሲሆን፣ በመጀመሪያ ካርዱ ይገባ የነበረው በሲጃራ ፓኮ ውስጥ ነው። በኋላ ግን የሲጃራውን ቦታ ማስቲካ ወሰደው። በኒውዮርክ ከተማ በብሩክሊን ቶፕስ የተባለው ኩባንያ ከ1952 ጀምሮ በመቶ የሚቈጠሩ ተጫዋቾችን ሥዕል በየዓመቱ ያሳትም ነበር። በካርዱ ፊት የተጫዋቹ መልክ፣ ስሙና ቡድኑ፣ በጀርባው ደግሞ የትውልድ ስፍራውና በዓመቱ ስንት ጊዜ ኳስ እንደ መታ ይጻፋል።

ልጆቹ ታዲያ ካርዱን እንደ ብርቅ ዕቃ አልያዙትም። በላስቲክ እያሰሩ ጠርዙን ይቈርጡታል፤ ከቢስክሌት ጎማ ሽቦዎች መካከል ሰክተው ጎማው ሲዞር እንደ ሞተር ያስጮኹታል፤ አንዱን ከሌላው ጋራ ይለዋወጡታል። ልጁ አድጎ ከቤት ሲወጣም እናቱ ጓዳ ስታጸዳ ያን የጫማ ሣጥን ሙሉ ወረቀት ከጥራጊ ጋራ ትጥለዋለች። በዚህ ምክንያት እናቱን የሚወቅስ የአሜሪካ ሽማግሌ ዛሬም አይታጣም። እኛ ግን በእናቶቹ አንፈርድም፤ እነርሱ ባይጥሉት ኖሮ ካርዱ ብርቅ ባልሆነ፣ ይህም ጽሑፍ ባልተጻፈ ነበር።

ካርድ ሰብሳቢዎች ሁለት ዐይነት ናቸው። አንዳንዱ የአንድ ዓመት እትም የሆኑትን ካርዶች በሙሉ ለማግኘት ይጥራል። ሌላው ደግሞ ከልቡ የሚወደውን አንድ ተጫዋች መርጦ የእርሱን ካርድ ብቻ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይከታተላል። ይህ ሁለተኛው፣ ሳያስበው የሰውየውን የሕይወት ታሪክ እየሰበሰበ ነው። ለዚህም ከሮቤርቶ ክሌሜንቴ ካርዶች የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም።

ክሌሜንቴ በ1934 በፖርቶ ሪኮ ደሴት ካሮሊና በምትባል ስፍራ ተወለደ። አባቱ በሸንኮራ አገዳ እርሻ የሠራተኞች አለቃ ነበር፤ እርሱም ከሰባት ልጆች የመጨረሻው ነው። በ1955 በፒትስበርግ ከተማ ፓይሬትስ ለሚባለው ቡድን መጫወት ጀመረና 18 ዓመት ሙሉ ከዚያው ቡድን አልወጣም። በቀኝ ሜዳ ተከላካይነቱ 12 ጊዜ የወርቅ ጓንት ሽልማት ተቀበለ፤ ኳስ በመምታት አራት ጊዜ የሊጉ አንደኛ ሆነ፤ በ1966 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ፤ ቡድኑም በ1960 እና በ1971 የአሜሪካን ታላቅ ዋንጫ ሲወስድ አብሮ ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሰውየው ጥቁር ነው፤ ቋንቋውም እስፓኝኛ ነው። በደቡብ አሜሪካ ክፍላተ ሀገር፣ በፍሎሪዳ፣ ቡድኑ ለልምምድ ሲሰፍር በዘር መለያየት ሕግ ምክንያት ጥቁሮቹ ከነጮቹ ጓደኞቻቸው ተለይተው ያድሩ ነበር። ጋዜጠኞችም በእንግሊዝኛ የተናገረውን ቃል አነጋገሩን እያስመሰሉ፣ ፊደሉን እያጣመሙ በመጻፍ አንባቢን ያስቁበት ነበር። ስሙንም ለአሜሪካኖች አፍ እንዲቀል ብለው «ቦብ» አሉት። እርሱ ግን ስሜ ሮቤርቶ ነው ማለቱን አልተወም።

አሁን ወደ ካርዱ እንመለስ። ቶፕስ ከ1955 እስከ 1973 ለክሌሜንቴ ያሳተማቸው የየዓመቱ መደበኛ ካርዶች 19 ናቸው። በ1955 እና በ1956 ካርዶች ላይ ስሙ «ሮቤርቶ ክሌሜንቴ» ተብሎ በትክክል ተጽፏል። በ1957 ኩባንያው የካርዱን መጠን አሳነሰ፤ በዚያው ዓመት የተጫዋቹም ስም አብሮ አጠረና «ቦብ ክሌሜንቴ» ሆነ። ከዚያ በኋላ እስከ 1969 ድረስ በ13 ካርዶች ላይ ቦብ እንደ ተባለ ቈየ። የሊጉ ምርጥ ተጫዋች በተባለበት ዓመት ካርዱ ላይ ቦብ ነው፤ በማግሥቱም ዓመት ቦብ ነው። ሮቤርቶ የሚለው ስም የተመለሰለት በ1970 ካርድ ላይ ነው።

አበበን ቤተ ዘመዱና ጓደኛው «አቤ» ቢለው የፍቅር ነው። የማያውቀው ሰው በመዝገብ ላይ «አቤ» ብሎ ቢጽፈው ግን ነገሩ ሌላ ነው። በባዕድ አገር ስማቸው ያጠረባቸው ወገኖቻችን የክሌሜንቴን ነገር ያለ አስተርጓሚ ይረዱታል ብለን እናምናለን።

እንግዲህ 19ኙን ካርዶች በተራ ደርድሮ ማየት የሚፈልግ ሰብሳቢ፣ ትልቁ ጭንቁ የመጀመሪያዪቱ ናት። ካርዶቹ በአንድ ጊዜ ተሽጠው የሚያልቁ አልነበሩም፤ በጨዋታው ወራት በየክፍሉ እየታተሙ ይወጡ ነበር። መጨረሻ ላይ የሚወጣው ክፍል ወደ ሱቅ ሲደርስ የልጆቹ ሐሳብ ወደ ሌላ ጨዋታ ይዞራል፤ ባለሱቁም ጥቂት ብቻ ያዝዛል። የ1955 የክሌሜንቴ ካርድ ቍጥሩ 164 ነው፤ ይኸውም ከመጨረሻው ክፍል ነው። በዚያን ጊዜ ማንም የማያውቀው አዲስ ተጫዋች ስለ ነበረ፣ ካርዱ ቢደርሰውም ተጠንቅቆ የያዘው ልጅ ብዙ አልነበረም። ስለዚህ ጠርዙ ያልተላገ፣ ሥዕሉ ከመካከል ያልተዛነፈ ሲገኝ ዋጋው ይሰማይ ነው። በ2016 ከፍ ያለ ማዕረግ የተሰጠው አንድ ካርድ በሐራጅ 478,000 ዶላር አወጣ።

ሌሎቹም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። በ1958 የወጣው በሁለት ዐይነት ታትሟል፤ የቡድኑ ስም በቢጫ ፊደል የተጻፈበት ከነጩ ይልቅ ብርቅ ነው። የ1971 ካርድ ዙሪያው ጥቁር ስለ ሆነ ጥቂት ሲላጥ ነጩ ወረቀት ብቅ ይላል፤ ሰብሳቢው በአጉሊ መነጽር እየተመለከተ የሚያዝንበት ይህን ነው። የማስቲካውም ቅባት በካርድ ላይ ምልክቱን ትቶ የሚገኝበት ጊዜ አለ፤ ልጆቹ ያልጎዱትን ካርድ ማስቲካው ጎድቶታል።

ገንዘብ ባለበት ማታለል አይታጣምና፣ ዛሬ ካርዱን መርምረው ከ1 እስከ 10 ማዕረግ እየሰጡ በፕላስቲክ መያዣ የሚያሽጉ ድርጅቶች አሉ። ይህም ቢሆን ፍጹም ዋስትና አይደለም። ከ1909 እስከ 1911 ከሲጃራ ጋራ ከወጡት መካከል ሆነስ ዋግነር የተባለው የፒትስበርግ ተጫዋች ካርድ እጅግ ዝነኛ ነው። ከእነዚህም አንዱ፣ ከሁሉ የጠራ ነው የተባለለት፣ በ2007 በ2.8 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ቀድሞ ካርዱን የሸጠው ነጋዴ ግን ጠርዙን ቈርጦ እንዳሳመረው በ2013 በፍርድ ቤት አመነ። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሰብሳቢዎች ለጀማሪው የሚመክሩት፣ ጠርዙ የተላገ ቢሆንም ያልተነካካና እውነተኛ የሆነውን በአቅሙ እንዲገዛ ነው። በእኛም አስተያየት፣ በአንድ ልጅ ኪስ ውስጥ ኖሮ የታጠፈ ካርድ ከታሸገው ይልቅ የሚያወራው ብዙ ነው።

የክሌሜንቴ መጨረሻ እንደሚከተለው ነው። መስከረም 30 ቀን 1972 በአውሮፓ አቆጣጠር 3,000ኛውን ምት መታ፤ በመደበኛው ውድድር ከዚያ ወዲያ ሌላ አልመታም። በታኅሣሥ 23 ቀን የኒካራጓ ዋና ከተማ ማናጓ በመሬት መንቀጥቀጥ ፈረሰች፤ ሺሕ በሺሕ ሰው አለቀ። ክሌሜንቴ በፖርቶ ሪኮ የርዳታ ማሰባሰቢያውን መራ። የተላከው ምግብና መድኃኒት በባለሥልጣኖች እጅ እየቀረ ለተጎዱት አለመድረሱን በሰማ ጊዜ፣ እኔ ራሴ ካለሁ አይሰርቁም በማለት አብሮ ለመሄድ ቈረጠ። በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ታኅሣሥ 31 ቀን፣ ከመጠን በላይ የተጫነው አሮጌ አውሮፕላን ከሳን ሁዋን ተነሥቶ ወዲያው ባሕር ላይ ወደቀ። በውስጡ የነበሩት አምስቱም ሰዎች ሞቱ። የክሌሜንቴ አስከሬን አልተገኘም። ዕድሜው 38 ነበር፤ ሚስትና ሦስት ወንዶች ልጆች ትቶ ሄደ።

የ1973 ካርድ፣ ቍጥር 50፣ በዚያ ዓመት በመጀመሪያው ክፍል ወጣ። ልጆች በሱቅ ደጃፍ የማስቲካውን መጠቅለያ ሲፈቱ፣ ሞቱን ጋዜጣና ራዲዮ ከነገሯቸው ጥቂት ወራት በኋላ፣ ዱላ ይዞ አገኙት። በዚያው ዓመት በኩፐርስታውን የሚገኘው የቤዝቦል የክብር አዳራሽ፣ አንድ ተጫዋች መጫወት ካቆመ አምስት ዓመት ሳይሞላው አይገባም የሚለውን ደንቡን ለእርሱ ብሎ ትቶ ስሙን በነሐስ ሰሌዳ ጻፈ።

ስሙ ግን በሰሌዳውም ላይ ተሳስቶ ነበር። በእስፓኝኛ ልማድ ከግል ስም ቀጥሎ የአባት፣ ከዚያም የእናት ቤተ ሰብ ስም ይመጣል፤ እናቱ ከዎከር ቤተ ሰብ ናትና ሮቤርቶ ክሌሜንቴ ዎከር መባል ሲገባው ሮቤርቶ ዎከር ክሌሜንቴ ብለው ቀረጹት። ከ27 ዓመት በኋላ፣ በ2000፣ አሮጌው ሰሌዳ ወርዶ ተራው የተስተካከለ አዲስ ሰሌዳ ተሰቀለ። ቦብ የሚሉት 13ቱ ካርዶች ግን አንዴ ታትመዋልና ሊታረሙ አይችሉም፤ ሰብሳቢዎቹም ከሌሎቹ ስድስት ጋራ በየዓመታቸው ደርድረው ያኖሯቸዋል።