የፌጦ ቅጠል ከጓሮ ወደ ማዕድ

ፌጦ በአገራችን የሚታወቀው በአብዛኛው በፍሬው ነው። ፍሬው ተፈጭቶ በውኃና በሎሚ እየተበጠበጠ ለሆድ ሕመም ሲወሰድ፣ ለቆዳ ሕመምም ሲቀባ ኖሯል። ከዚሁ ፍሬ የሚበቅለው ለጋ ቅጠል በሌሎች አገሮች በጥሬው የሚበላ ሰላጣ መሆኑ ግን ብዙም አይታወቅም። እንግሊዛውያን ከእንቁላል ጋር በዳቦ መካከል አድርገው ይመገቡታል፤ በዐረብ አገሮችም «ረሻድ» በሚል ስም ከምግብ ጋር ይቀርባል።

በሳይንሳዊ መጠሪያው «ሌፒዲየም ሳቲቨም» የሚባለው ፌጦ ከጎመንና ከሰናፍጭ ጋር የአንድ ቤተሰብ ተክል ነው። የሚፋጅ ጣዕሙም ከዚሁ ዝምድና የመጣ ነው። በቅጠሉ ውስጥ ድኝ ያለበት ውህድና አንድ ኢንዛይም ተለያይተው ይገኛሉ። ቅጠሉ ሲከተፍ ወይም ሲታኘክ ሁለቱ ይገናኙና ምላስን የሚቆጠቁጠውን ንጥረ ነገር ይፈጥራሉ። ይህ ለተክሉ ከተባይ መከላከያው ነው። ሙቀት ኢንዛይሙን ስለሚያበላሸው የተቀቀለ ቅጠል እንደ ጥሬው አይፋጅም።

ከምግብነት አኳያ 100 ግራም ጥሬ ቅጠል 69 ሚሊ ግራም ያህል ቫይታሚን «ሲ» ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚመክረው መጠን 45 ሚሊ ግራም በመሆኑ፣ 25 ግራም ቅጠል ብቻ የዕለቱን ፍላጎት ከሲሶ በላይ ይሸፍናል። ቫይታሚን «ሲ» ሰውነት ከሽሮ፣ ከምስርና ከጤፍ የሚያገኘውን የብረት ማዕድን በተሻለ መጠን እንዲጠቀም ስለሚረዳ፣ ቅጠሉን ከዘወትር ምግባችን ጋር አብሮ መመገቡ ጥቅሙን ያጎላዋል።

ይሁን እንጂ በጥሬው የሚበላ ቅጠል ከየት እንደመጣ ማወቅ የግድ ነው። በአዲስ አበባ በአቃቂ ወንዞች ውኃ በሚለሙ አትክልቶች ላይ በተለያዩ ጊዜያት የተካሄዱ ጥናቶች፣ በተለይ በቅጠላ ቅጠሎች ላይ ከባድ ብረቶች እንደሚገኙ አመልክተዋል። በማጠብ አፈርና ጀርም መቀነስ ቢቻልም፣ ተክሉ በሥሩ የሳበው ብረት በማጠብ አይወገድም። በንጹሕ ውኃ በጓሮ ማልማት ተመራጭ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሰፊ ቦታ የሌለው ሰው ከሥሩ በተበሳ አሮጌ ሳፋ ወይም በተቆረጠ ጀሪካን ሊያለማው ይችላል። አፈሩ በደንብ ከበሰለ ብስባሽ ጋር መደባለቅ አለበት። ትኩስ ፍግ የአንጀት ተባዮችን ወደ ቅጠሉ ሊያስተላልፍ ስለሚችል አይመከርም። የፌጦ ፍሬ ውኃ ሲነካው ልጋግ የመሰለ ሽፋን አውጥቶ እርስ በርሱ ስለሚጣበቅ፣ ዘፍዝፎ ከመዝራት ይልቅ ደረቁን ፍሬ ከደረቅ አሸዋ ጋር ደባልቆ በስሱ መበተንና አፈር አልብሶ ውኃ ማርከፍከፍ ይገባል። ዘሩ ከገበያ ሲገዛ በኬሚካል ያልታሸ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ቡቃያው በጥቂት ቀናት ውስጥ ብቅ ይላል። በሁለት ሳምንት ገደማ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ሲደርስም በመቀስ ይቆረጣል። አፈሩ እንዳይደርቅ በየዕለቱ ማየትና የቀትር ፀሐይ በሚበረታበት ቆላማ አካባቢ ጥላ ማበጀት ይገባል። ሙቀትና የውኃ እጥረት ተክሉ ቶሎ እንዲያብብ፣ ቅጠሉም እንዲጠነክርና እንዲመር ያደርጋሉና። በየሁለት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት መዝራት ቅጠሉ ሳይቋረጥ እንዲገኝ ሲያስችል፣ ጥቂት ተክሎችን ሳይቆርጡ ማቆየት ደግሞ ለቀጣዩ ጊዜ ዘር ያስገኛል።

ቅጠሉ በንጹሕ ውኃ ታጥቦ ከቲማቲም፣ ከሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር በሎሚና በዘይት ይታሻል። ጨውና ሎሚ ቶሎ ስለሚያጠወልጉት ሊበላ ሲል ቢጨመሩ ይመረጣል። ለቲማቲም ፍትፍት፣ በጾም ወቅትም ለድንች ሰላጣ ተስማሚ ነው። በትኩስ ሽሮ ላይ መነስነስ የሚፈልግም ወጡ ከእሳት ከወረደ በኋላ ቢጨምረው ጣዕሙንና ቫይታሚኑን በተሻለ ይጠብቃል።

ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው ሰዎችም አሉ። ቅጠሉ በቫይታሚን «ኬ» የበለጸገ በመሆኑ ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች አዘውትረው ከመመገባቸው በፊት ሐኪማቸውን ማማከር ይገባቸዋል። ነፍሰ ጡር ሴቶችም ፍሬውን በብዛት ከመውሰድ እንዲቆጠቡ ይመከራል። ለሌላው ቤተሰብ ግን በየጓዳው የሚገኘው አንድ እፍኝ ፌጦ፣ ከመድኃኒትነቱ ባሻገር በሁለት ሳምንት ውስጥ ማዕድ ላይ የሚደርስ ትኩስ አትክልት ይሆናል።